እባክዎ ወረዳ ይምረጡ

የነፍስ አባቴ የማያውቁት ኃጢአት የለኝም ብዬ ብምል በሐሰት መማሌ ነው። አንድ አለ። አንድ ጊዜ ልነግራቸው ሞክሬአለሁ። «አባ፣ በድረ ገጽ ላይ አንድ ቅጽ ሠርቼ ነበር…» ብዬ ስጀምር «ድረ ገጽ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። ማስረዳት ጀመርኩ። ከኮምፒውተር ወደ ኢንተርኔት፣ ከኢንተርኔት ወደ ቅጹ እያልኩ ስሄድ ማብራሪያው ረዘመ፤ ኃጢአቱ መሐል ላይ ጠፋ። እሳቸውም ሰለቻቸውና «በል እንግዲህ በሥራህ ታማኝ ሁን» ብለው ባርከው ሰደዱኝ። ከግቢው ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር። እግዜርን በኮምፒውተር ቋንቋ ሸውጄ ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር።

አላመለጥኩም። ይኸው ዛሬም ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ በረንዳው ላይ እንጎራደዳለሁ፣ ተመልሼ የጻፍኩትን አነባለሁ። ራሴን ያሳመርኩበት ቃል ካገኘሁ እሰርዛለሁ። ከሰረዝኩት ሁሉ የተረፈው ይህ ነው። እናንተ ድረ ገጽ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁና ከእናንተ ፊት መደበቂያ የለኝም።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ እሠራ ነበር። ኢንተርኔቱ ያነክሳል። አንድ ገጽ እስኪከፈት ደንበኛው ያዛጋል፣ ይናደዳል፣ ወንበሩን ገፍቶ ይሄዳል። መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። በየኮምፒውተሩ ብራውዘር ገብቼ መጀመሪያ ሥዕሉን አጠፋሁ፤ ቀጥዬ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን አጠፋሁ። ጃቫስክሪፕት ማለት ከገጹ ጋር አብሮ መጥቶ እዚያው እፊታችሁ የሚሠራ ትእዛዝ ነው፤ ስትነኩት ዝርዝር የሚዘረጋላችሁ፣ ስትሳሳቱ «ቆይ» የሚላችሁ እሱ ነው። እሱ ሲጠፋ ገጹ ይቀላል፣ ቶሎ ይከፈታል፤ ማሰቡን ግን ያቆማል። ደንበኛው ይህን የት ያውቃል? እሱ ያየው ፍጥነቱን ነው። ባለቤቱ ደስ ብሎት በሩ ላይ «የሐዋሳ ፈጣኑ ኢንተርኔት» ብሎ አጻፈ። ሌሎች ካፌዎችም ምስጢሩን ጠይቀውኝ እየተኩራራሁ ነገርኳቸው።

በዚያው ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት የመምህራንን የዝውውር ጥያቄ በኢንተርኔት ለመቀበል ተነሣ። ዘመኑ የቢፒአር፣ የመሥሪያ ቤቶች አሠራር ለውጥ ዘመን ነው። በየኮሪደሩ «መልካም አስተዳደር» የሚል ተለጥፏል፤ ወረቀት ኋላ ቀርነት ሆኗል፤ ስብሰባ ላይ «ሲስተም» ያላለ ኃላፊ እንዳልሠለጠነ ይቆጠራል። አንድ ዘመዴ ስሜን ጠቆመ፣ ኮንትራት ሰጡኝ፤ ሥራው ካማረ በቋሚነት ልቀጠር ተስፋ ሰጡኝ። በሰፈራችን በታቦር የአባቴን ቤት አንኳኩቶ «ልጅህ የመንግሥት ሠራተኛ ሊሆን ነው አሉ» ያላለ ጎረቤት አልነበረም።

ቅጹን ሠራሁት። ስም፣ የአገልግሎት ዘመን፣ አሁን ያሉበት ትምህርት ቤት፤ ከዚያ ሁለት ዝርዝሮች። የመጀመሪያውን ሲነኩት ዞኖቹ ወደ ታች ይዘረጋሉ። ዞን ሲመርጡ ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ የዚያ ዞን ወረዳዎች ይሞላሉ። መምህሩ ወረዳ ሳይመርጥ «ላክ» የሚለውን ከተጫነ ቅጹ አልሄድም ይላል፤ ከዝርዝሩ ሥር በቀይ «እባክዎ ወረዳ ይምረጡ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ያችን ቀይ ጽሑፍ እንዴት እወዳት ነበር! እናቴን ሳይቀር አምጥቼ አሳይቻታለሁ። «ምነው ቀይ አደረግኸው፣ ሰው ያስደነግጣል» አለችኝ።

የማጣራቱን ሥራ በሙሉ ለዚያ ለገጹ ትእዛዝ ሰጠሁት። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ቅጹን የሚቀበለው ማሽን ግን የመጣለትን ሁሉ ሳያይ ያስገባል። ዘበኛ በፊት ለፊቱ በር አቁሜ የጓሮውን በር ክፍት ተውኩት ማለት ነው። የዞኖቹን ወረዳዎች ሁሉ የማስቀምጠው በአንድ ዝርዝር በቁጥር ነበር፤ ማሽኑ የሚያየውም ያንን ቁጥር እንጂ ዞኑን አልነበረም። እኛ ስንቆጥር ከአንድ እንነሣለን፤ ማሽኑ ከዜሮ ይነሣል፤ ባዶ ሆኖ የደረሰውንም ዜሮ ነው ብሎ ይወስደዋል። ስለዚህ ወረዳ ያልተመረጠበት ቅጽ እንደምንም ሾልኮ ከገባ፣ ባለቤቱ የዝርዝሩን የመጀመሪያ ወረዳ እንደመረጠ ሆኖ ይመዘገባል። ዝርዝሩን የሰጡኝ ሰዎች ደግሞ መምህር የጠፋባቸውን ወረዳዎች ከላይ አድርገው ነበር የጻፉት። አንደኛዋ ከሐዋሳ ሁለት ቀን የሚያስኬድ ቆላ ነበረች። ስሟን አልጠራትም፤ ነዋሪዎቿ ምንም አልበደሉኝም።

ይህ ቀዳዳ መኖሩን አላውቅም ነበር ልል እችላለሁ? አስቤው ነበር። ቅጹን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሞክረው «ጃቫስክሪፕቱ የጠፋበት ቦታ ቢከፈትስ?» የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብኝ ነበር። ከእኔ በላይ ማን ያስበዋል? ያጠፋሁት እኔ ነኝ! በሚቀበለው ማሽን ላይ ጥቂት መስመር ብጨምር ያበቃ ነበር። «በኋላ» አልኩ። ከዚያ አስመረቅነው፤ ተጨበጨበልኝ።

አሁን ወደ ቲቸር ታደለች ልምጣ። 

ቲቸር ታደለች የሰፈራችን ሰው ናቸው። እኔንም አንድ ዓመት አስተምረውኛል። ባል አላገቡም፤ ሥራቸው ከሐዋሳ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ የገጠር ከተማ ነበር፤ አርብ አርብ አውቶቡስ ይዘው ይመጣሉ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሄዳሉ። የሚመጡት ለአባታቸው ለጋሽ ሀመሶ ነው። ጋሽ ሀመሶን ደም ግፊት ጥሏቸው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ነበር። ምላሳቸውም ተይዟል። ሲናገሩ አማርኛውም ሲዳምኛውም እርስ በርሱ ይወሳሰብና ማንም አይሰማቸውም፤ አብሯቸው የሚኖረው ባጃጅ ነጂ ልጃቸው ማቴዎስ እንኳ አይገባውም። የሚገባቸው ቲቸር ታደለች ብቻ ነበሩ። አርብ ማታ ሲደርሱ ሽማግሌው የሳምንቱን ሁሉ ይዘከዝኩላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ለማቴዎስ ያስተረጉማሉ። «ውሃ አይደለም የሚለው፣ ትራሱን ከፍ አድርግልኝ ነው» ይላሉ። ሳምንቱን ሙሉ ውሃ ሲሰጣቸው ከርሟል ማለት ነው።

የቲቸር ታደለች ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ቡሹሎ አካባቢ ወይም ለሐዋሳ በሚቀርብ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው ማታ ማታ አባታቸው ዘንድ ማደር።

የቅጹ ጊዜ ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ወደ ካፌያችን መጡ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ያኔም እዚያው እሠራ ነበር። ዝናብ ነው፣ ኢንተርኔቱ ከወትሮው ብሷል፣ ቤቱ በመምህራን ተሞልቷል። ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲሞሉ ቆዩና ከወዲያ ጠሩኝ።

«ኧረ ይሄኛው አልከፈት አለኝ። ‹ይምረጡ› ይላል፣ የምመርጠው ግን የለም!»

ገና ከአፋቸው ሲወጣ ገባኝ። ሁለተኛው ዝርዝር የሚሞላው በዚያ እኔ ባጠፋሁት ትእዛዝ ነው። ተነሥቼ ማብራት ነበረብኝ። ግን ሳበራው ገጹ እንደ ገና ይከፈታል፤ በዚያ ኔትወርክ ማን ይጠብቀዋል? ሌሎቹም «ለእኔም፣ ለእኔም» ይላሉ። ባለቤቱ እዚያው ቆሟል፤ የፍጥነታችን ምስጢር ይወጣል። ከሁሉ በላይ ግን የኔ ቅጽ፣ ያ የተጨበጨበለት ቅጽ፣ በሰው ፊት አልሠራም ሊል ነው። ካለሁበት ሳልነሣ ጮህኩላቸው።

«ግድ የለም ቲቸር! ዞኑን ከመረጡ ይበቃል፣ ይላኩት!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የሠራሁት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና ላኩት። ቀይ ጽሑፍ አልወጣም። የሚያወጣው ትእዛዝ ጠፍቷላ! «ጥያቄዎ ደርሶናል» አላቸው። መርቀውኝ ወጡ። ሰኞ መሥሪያ ቤት ገብቼ አስተካክለዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ረሳሁት ብል ይቀለኝ ነበር፤ አልረሳሁትም። አንድ ሳምንት «ነገ» እያልኩ አሳለፍኩት።

ሌላው መምህር ዝውውር ሲጠብቅ ፀጉሩ ይሸብታል፤ የቲቸር ታደለች ግን ወዲያው ወጣ። ለምን አይወጣ? ወደዚያች ቆላ ልሂድ ብሎ የጠየቀ ሰው በታሪክ የለማ። ደብዳቤው ሲደርሳቸው ስሕተት ነው ብለው ሳቁ አሉ። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ፤ ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። እኔም ተጠራሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ወጥቼአለሁ። ልቀጥል።

ጠባብ ክፍል ነበር። ሰብሳቢው፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት፣ ቲቸር ታደለች በነጠላቸው ጫፍ ጣታቸውን እየጠቀለሉ፣ እኔ በሩ አጠገብ። ቲቸር እንዲህ አሉ፦ «ዞኑን መርጫለሁ። ወረዳው ግን አልከፈት አለኝ። ሲቸግረኝ እንዲሁ ላኩት። ቆላ የሚል ነገር አልነካሁም።» ስሜን አልጠሩም። ‹ልጁ ይላኩት አለኝ› አላሉም። ለቅጥር እንደታሰብኩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ወደ እኔ አዩ። የሚቀረውን እኔው እንድናገረው ትተውልኝ ነበር።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ ባለሙያው ይንገረን። ወረዳ ሳይመረጥ ቢላክ ሲስተሙ ይቀበላል?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። «አዎ»። ሰብሳቢው ዝውውሩን በአንድ ፊርማ ይሽረው ነበር፤ ቲቸር ታደለችም በዚያው አርብ መጥተው የትም እንደማይሄዱ ለአባታቸው ይነግሯቸው ነበር። እኔስ ምን እሆናለሁ? ቅጥሩ ይዘገያል፣ ምናልባትም ይቀራል፣ ሰፈር ይስቅብኛል። ያ ነበር የፈራሁት፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ሄድኩ። ጃቫስክሪፕቱ የበራበት የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ነው። ቅጹን ከፈትኩ፣ ዞን መረጥኩ፣ ወረዳውን ባዶ ተውኩ፣ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ቀይዋ ጽሑፍ ብቅ አለች። «እባክዎ ወረዳ ይምረጡ»። ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞርኩት።

ውሸት ተናገርኩ? አንድም ቃል አልተናገርኩም። ያሳየኋቸው ነገር እውነት ነው። ለዚህ ነው ክፋቱ የሚበልጥብኝ፤ እውነቱን ራሱን የሐሰት ምስክር አድርጌ አቆምኩት። ያ ቀይ ጽሑፍ እኛ ካፌ ውስጥ ለምን እንደማይወጣ በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስክሪኑን ያዞርኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ ቀስ አድርጌ፣ ብርሃኑ እንዳያንጸባርቅባቸው ተጠንቅቄ አዞርኩት።

ሰብሳቢው ተነፈሰ። «አዩ ቲቸር፣ ማሽን አያዳላም። ሳያስተውሉ ነክተውታል። ሰው ሁሉ ለውጡን ለመቀበል ሲቸግረው በሲስተሙ ያመካኛል።» ቲቸር ታደለች ቀዩን ጽሑፍ አዩት። ከዚያ እጃቸውን አዩት፤ ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው መዳፉን አዩት። አልተከራከሩም። ያን እጅ ገልብጠው ሲያዩ ዛሬም ይታየኛል፤ የማልረጋውም ለዚህ ነው።

ያን ቀን ሰው ምሳ ሲወጣ ቁጭ ብዬ በሚቀበለው ማሽን ላይ የጎደለውን መስመር ጻፍኩ። ከምሳ ሰዓት በታች ፈጀብኝ። እንደ ቲቸር ባዶ ሾልከው ዜሮ የሆኑ ሌሎችም ነበሩ፤ በአገልግሎት ዘመን ቲቸር ስለቀደሟቸው የእነሱ ገና አልተወሰነም ነበርና «መረጃዎ አልተሟላም» ተብሎ እንዲጠሩ አደረግሁ። ሁሉም መጥተው አስተካከሉ። እነሱን ለማዳን ነው ያደረግሁት? ሌላ አቤቱታ እንዳይመጣብኝ ነው። የቲቸር ደብዳቤ ወጥቶ ነበር፤ እሱን ለማስመለስ መናገር ያስፈልግ ነበር። ቲቸር በሳምንቱ ሄዱ፤ አባታቸውን የሚያኖረው የሳቸው ደመወዝ ነውና ሥራ መልቀቅ አይችሉም ነበር። እኔም ተቀጠርኩ።

ከዚያች ቆላ አርብ አርብ መምጣት የማይታሰብ ነው። ሰፈር ደግሞ ያወራል። ጥያቄውን ራሷ አቅርባ ነው የሄደችው፣ ኮሚቴው አረጋግጧል፣ ለበረሃ አበል ብላ ነው፣ በሽተኛ ማስታመም ሰልችቷት ነው ተባለ። ማቴዎስ ይህን ወሬ በባጃጁ ከተሳፋሪ ሰማው፤ አመነውም። በስልክ ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ፤ ኋላ እሱ ስልክ ማንሣቱን ተወ።

ጋሽ ሀመሶ በቀጣዩ ክረምት ሞቱ። መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ስለነበር ቲቸር የደረሱት ከቀብር በኋላ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። መዘምራኑ ዝማሬ ላይ ነበሩ፤ ሲገቡ ዝም አሉ። ማቴዎስ ፊቱን አዞረና ሰው ሁሉ እየሰማ «መርጠሽ ሄደሽ ምን ፍለጋ መጣሽ?» አላቸው። ከዚያ ያለቀሰው ለቅሶ! አባቱ እስከ መጨረሻው ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ደጁን እያየ አንድ ነገር ደጋግሞ ይል እንደነበር፣ ውሃ ሲሰጠው እንደሚገፋው፣ ትራሱን ሲያስተካክልለት እንደሚገፋው፣ ምን እንደፈለገ ሳይታወቅ እንዳለፈ እየጮኸ ተናገረ።

ቲቸር መቀመጫ ሲፈልጉ ከእኔ አጠገብ ክፍት ቦታ አገኙ። እዚያ ተቀመጡ። ክርናቸው ክርኔን ነካ። ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር እኅትና ወንድም ተቃቅፈው ያለቅሱ ነበር። ተናገርኩ? «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩ። ያልኩት ይህንን ነው።

ዓመታት አለፉ። መንግሥቱም አሠራሩም ተለወጠ፤ እኔ ያን መሥሪያ ቤት ትቼ አሁን ወጣቶችን ድረ ገጽ መሥራት አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ከብራውዘር የመጣላችሁን ነገር እንዳታምኑ፤ በምትቀበሉበት በኩል እንደ ገና አጣሩ» እላለሁ፤ ተማሪዎቼ ይጽፋሉ። ከማን እንደተማርኩት አይጠይቁኝም።

ባለፈው ሰሞን ታቦር መውጫ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ ቲቸር ታደለችን አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተው ተመልሰዋል። በአባታቸው ግቢ አይደለም የሚኖሩት፤ አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ። ወሬ ወሬን አመጣና ስለዚያ ዘመን ተነሣ። እኔ አላነሣሁትም፤ እሳቸው ናቸው።

«አንዳንዴ ሳስበው» አሉኝ፣ «እውነትም መርጬው ይሆን እላለሁ። ደክሞኝ ነበር እኮ። ሰው ሳያውቀው እጁ የልቡን ይሠራል። ከአባቴ መሸሽ ፈልጌ ይሆናል።»

«ኧረ ቲቸር…» አልኩ።

«አይ፣ ስሕተቱ የማሽኑ ቢሆንማ አንተ እዚያ ነበርክ። የኔ ልጅ፣ ዝም አትልም ነበር።»

ባጃጁ መጣ። እሳቸውን አሳፍሬ እኔ ቀረሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁጭ ማለት አቃተኝ፤ ስበላ እነሳለሁ፣ ሳስተምር እነሳለሁ። ከወንድማቸው ብቻ የለየኋቸው መስሎኝ ነበር እንጂ ከገዛ ልባቸው ጋር እንዳጣላኋቸው እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም ነበር።

ይህን ጽሑፍ በሁለት ቅጂ አዘጋጅቻለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሲወጡ አንዱን ለማቴዎስ፣ አንዱን ለቲቸር በእጄ እሰጣለሁ፤ አንብበው እስኪጨርሱም እዚያው እቆማለሁ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የእናንተ አይደለምና ልትሰጡኝ አትችሉም። እሳቸውንም አልጠይቅም። ብጠይቃቸው እሺ ይሉኛል፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ወጣት ነበርኩ፣ ኔትወርኩ ደካማ ነበር፣ ዘመኑ እንዲያ ነበር የሚለውን ሁሉ ጽፌ ሰርዤዋለሁ።

ቲቸር፣ እርስዎ አልመረጡም። የሚመረጥ ነገር እፊትዎ አልነበረም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይላኩት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ስክሪኑን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሀመሶ በረንዳቸው ላይ ሆነው ደጁን እያዩ ምን ይሉ እንደነበር የሚሰማ አንድ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ነበር። እቤት እንዳይገኝ ያደረግሁት እኔ ነኝ።